ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም

መስከረም 28፣ ማክሰኞ

የተሠራ፦
ሦስት ሰው አጠብኩ። አራት ሰው ላጨሁ።
ከምሳ በኋላ ማንኪያ ቆጥሬ አስረከብኩ። አልጎደለም።
ኪኒን የዋጡትን አፍ እያስከፈትኩ ምላሳቸው ሥር አየሁ። ሐጂው ዛሬም ሊደብቅ ነበር። ስይዘው ሳቀብኝ።

ያልተሠራ፦
አገር ቤት፣ ወረኢሉ ደወልኩ፣ አልገባም። እማዬ ባለፈው ስናወራ ሳሉ ጠንክሮባት ነበር።

ይሄ የምሠራበት የአእምሮ ሕሙማን ቤት ዳገት ላይ ስለሆነ የቤሩቷ ዳሒዬ ሰፈር ቁልጭ ብላ ትታያለች። ትላንት ከሰማይ ሲደበድቧት የእኛም መስኮት ተንቀጠቀጠ። ወንዶቹ ሕሙማን በሙሉ ተነስተው ኮሪደር ወጡ። እኔና ዘበኛው ዩሱፍ ግድግዳ ተደግፈን ቆመናል። ሐጂው መጥቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «ያላ፣ ግቡና ተኙ፣ ለእኛ አይደለም» አለን። የማስተኛው እኔ ነኝ ወይስ እሱ?

መስከረም 30፣ ሐሙስ

ከሴቶቹ ክፍል ጠሩኝ። ወንድ እዚያ አይገባም፣ ምን አጥፍቼ ይሆን እያልኩ ነው የሄድኩት። በሩ ላይ ዙሀራ ቆማለች። የሴቶቹ ረዳት ናት። ቤቷ ዳሒዬ ስለሆነ አሁን ከእናቷ ጋር አንሶላ መጋዘኑ ውስጥ ነው የምትተኛው።

«ጋቢ ና፣ ያገርህ ልጅ መጥታለች። በአረብኛ ብንጠይቃትም አትመልስም፣ የምትለው አይገባንም» አለችኝ።

ገብረ መድኅን ለአፋቸው ይከብዳል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጋቢ ነኝ። አብሮኝ የሚኖረው ወንደሰን «ጋሼ፣ ሲበርዳቸው ነው የሚያስታውሱህ ማለት ነው» እያለ ይስቅብኛል።

ልጅቷ ሥርጉት ትባላለች። ከልጄ ከቀፀላ ብዙ የምትበልጥ አልመሰለኝም። ኻልዴ የሚባል ሰፈር መንገድ ዳር ብቻዋን ስትሄድ ነው አሉ ሰዎች ያገኟት። የሰው ልብስ ነው የለበሰችው፣ እጅጌው ጣቷን ይሸፍናል። ሰላም አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና፣

«ቴታ የማታ ኪኒኗን ዋጠች?» አለችኝ።

እዚህ አገር አያትን ቴታ ነው የሚሉት። ዶክተሩ ጠጋ ብሎ «ምን አለች?» አለኝ።
«ስለ ኪኒን ትጠይቃለች።»
«የራሷን?»
«አይ ዶክተር፣ የአሮጊት።»

ሌላ ምንም አላለችም። ልሄድ ስል እንደገና ያንኑ ጠየቀችኝ። ምን እንደምል ስላላወቅኩ «ዋጠች» አልኳት። ምን አስቀባጠረኝ?

ጥቅምት 3፣ እሁድ

ዶክተሩ በየቀኑ ከእሷ ጋር ትንሽ እንድቀመጥ አዟል። በሩ ክፍት ሆኖ፣ ዙሀራ አንሶላ እያጠፈች እዚያው። ዛሬ ሥርጉት ተናገረች። እንዳይጠፋኝ ልጻፈው፦

ዳሒዬ ነው የምትሠራው፣ ስድስተኛ ፎቅ።
ማዳሟና ባሏ ልጆቹን ይዘው ወደ ተራራ ወጡ። ቴታ ከቤቴ ንቅንቅ አልልም አለች። ልጇ በማግስቱ መጥቶ በግድም ቢሆን ሊወስዳት ነበር። እስከዚያ ሥርጉት ትጠብቃት ተባለ።
ማታ ጎረቤት «ውጡ፣ ሊመቱ ነው» እያለ በር ደበደበ። መብራት የለም፣ አሳንሰር አይሠራም።
ቴታን አዝላ ሁለት ፎቅ ወረደች። ከዚያ አቃታት። ደረጃ ላይ አስቀምጣት የሚሸከም ወንድ ልትጠራ ሮጠች።
ታች ያሉት ሰዎች ያዟት። ተመልሰሽ አትወጪም አሏት።

«መጣሁ ብያት ነው አባባ። መጣሁ ቴታ፣ ደቂቃ ብያት ነው» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አታስታውስም። ለዶክተሩ አስተረጎምኩለት። ስጨርስ ውሃ ቀድቶ ሰጠኝ።

አባባ ነው ያለችኝ። ቀፀላ አባዬ ካለችኝ ቆይቷል። አገር ቤት መግባት አልቻልኩምና ተቀይማኛለች፣ ስደውል «ሄሎ፣ እማማን ላቅርብልህ» ብላ ስልኩን ለእናቴ ትሰጣለች። እናቷ ከሞተች ጀምሮ እማዬ ናት ያሳደገቻት። ዛሬ ስደውል ደግሞ ወንድሜ ጌጡ ነው ያነሳው። እማዬ ጠበል ሄዳለች አለኝ። ለሳሉ። እዚያ ኔትወርክ የለም አለ። ጥሩ ነው፣ ጠበሉ ባለፈውም ረድቷታል።

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ

ችኮላ። ሁለት ሠራተኛ ቀርቷል፣ መንገድ ተዘግቶባቸው። ብቻዬን ነኝ።
ሥርጉት ምሳ፦ ሁለት ማንኪያ ሩዝ። እራት፦ ምንም።
እኔ፦ ሻይ። ምግብ ረስቼው።

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ

ዙሀራ ሰፈሩን አጠያይቃ የቴታን ወሬ አገኘች። የአክስቷ ልጅ እዚያው መንገድ ላይ ሱቅ ነበረው። ሕንፃው የለም። አሮጊቷን ከደረጃው ነው ያወጧት። ልጇ መጥቶ ቀብሯታል።

ዶክተሩ ቢሮው አስገባኝ። «ጋቢ፣ ዛሬ እንነግራታለን። በቀስታ፣ ግን እውነቱን። እሷ የምትጠብቀው ይሄን ነው። ቃል በቃል ተርጉምልኝ፣ እሺ?»
«እሺ» አልኩ።

ገባን። ቀትር ላይ ነው፣ ምሳዋ እንደቀረበ አለ። ዶክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ፊቷን እያየ ተናገረ። በጥሩ ሁኔታ ነው የተናገረው፣ አያፍርበትም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

እኔም «ቴታ ሆስፒታል ናት። እያከሟት ነው» አልኳት።

«በልታለች?» አለችኝ።
«በልታለች። አንቺም ብይ።»
«እሺ» አለችና ማንኪያውን አነሳች።

ዶክተሩ ግራ ገባው። «ምን አለች?»
«ተቀብላዋለች» አልኩት።

ምን ላድርግ? በእኛ ደንብ መርዶ፦
ለታመመ ሰው አይነገርም።
ሳይበላ አይነገርም።
ሲመሽ አይነገርም፣ ቀትር ላይ ዘው ተብሎም አይነገርም። በማለዳ ነው፣ ሰው ተሰብስቦ።
ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። የሚይዘው፣ አብሮት የሚያለቅስ ሰው ያስፈልጋል።

ልጅቷ ታማለች፣ አትበላም፣ ያላት ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ይሄን በየትኛው አረብኛዬ ለዶክተሩ ላስረዳው? ትንሽ ትጠንክር፣ እነግራታለሁ። የደበቅኩት ለእሷ ብዬ ነው።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሥርጉት እጇ ይንቀጠቀጣል። ምራቋ ይወርዳል። ዙሀራን ምን ሆና ነው አልኳት። የማስታገሻ መርፌውን ጨመሩላት አለችኝ።
ለምን?
ዙሀራ አንሶላውን አስቀምጣ አየችኝ ብቻ።

ጥቅምት 10፣ እሁድ

ደስ የሚል ነገር ልጻፍ። ቀፀላ ራሷ ደወለች! በራሷ ስልክ፣ በራሷ ካርድ። «አባዬ በላህ? አባዬ ብርድ ልብስ አለህ? አባዬ ብቻህን አትሁን፣ ከወንደሰን ጋር ውጣ» ትለኛለች። ድምጿ ተዘግቷል፣ ጉንፋን ይዞኛል አለች። እማዬን አቅርቢልኝ አልኳት። ገና ከጠበል አልተመለሰችም። «እዚያ ደስ ብሏታል አባዬ» አለችኝ። ከዚያ ኔትወርኩ ተቆረጠ።

ልጄ ታረቀችኝ። ምን እንደለወጣት እንጃ። ትልቅ ሰው እየሆነች ነው።

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

ወንደሰን ሳህን አጠበ። ይሄ ልጅ ሳህን የሚያጥብ ልጅ አይደለም፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የምንጣላው በሳህን ነው። እኔ ከሥራ ስገባ ቤቱ ተጠርጓል፣ ሻዋርማ ገዝቶ ጠብቆኛል።

«ምን አጥፍተህ ነው?» አልኩት።
«ምንም ጋሼ። ብላ ብቻ። ቀበቶህ መጨረሻው ቀዳዳ ላይ ደርሷል እኮ።»
«ቀበቶው ነው የተለጠጠው።»
«እሺ፣ እሱ ይሁን። ብላ።»

ግማሹን በላሁ። ከሚሠራበት ጋራዥ ሊያባርሩት ይሆን? የሆነ ነገር ሊነግረኝ ፈልጎ ያፍራል። አፉን ይከፍትና ስለ ቫን ታክሲ ዋጋ ያወራል።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

በጣም መጥፎ ቀን።

ዶክተሩ ሥርጉትን ወደ ሌላ ሆስፒታል ሊልካት ነው። የተዘጋ ክፍል። ሰኞ። ያልኩት ነገር ነው ያመጣው፦ የምትወዳት አሮጊት ሞተች ተብሎ ተነግሯት ማንኪያ አንስታ ሩዝ መብላቷ ጥሩ ምልክት አይደለም ይላል። መርፌ ቢጨመርላትም አልተለወጠችም ይላል። እዚያ የተላኩትን አውቃለሁ። አማርኛ የሚሰማ ሰው የለም። አሳዳሪዋ ካልጠየቀ ማን ያወጣታል?

ኮሪደር ላይ ዙሀራ አንሶላ ተሸክማ መንገድ ዘጋችብኝ።

«ጋቢ፣ እኔ አማርኛ አላውቅም።»
«አውቃለሁ አለማወቅሽን።»
«ፊት ግን አውቃለሁ። በዚህ ወር ስንት ሰው ሞት ሲነገረው አየሁ፣ ወንድሜን ጨምሮ። የእሷ ፊት ያንን አልሰማም። ምንድን ነው ያልካት?»

ልቀበላት እጄን ወደ አንሶላው ዘረጋሁ።

«ዋሸህ። ያኒ ዋሸህ ማለት ነው!»
«አልዋሸሁም። አቆየሁት። በእኛ አገር…»
«በእኛ አገርም ሰው ይሞታል፣ ጋቢ። አንተ ስታቆይ እሷ መርፌ ትወጋለች። ኸላስ፣ በቃ፣ ወይ አንተ ትናገራለህ ወይ እኔ።»

አንሶላውን እንደተሸከመች ሄደች። ቀኑን ሙሉ ማንኪያ ስቆጥር ተሳሳትኩ።

ጥቅምት 15፣ ዓርብ

ነገርኩት።

ዶክተሩ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው በፈረንሳይኛ ጮኸ፣ ስለዚህ ምን እንዳለኝ አላውቅም። ባላውቅ ይሻላል። ከዚያ ተቀመጠና ዓይኑን በመዳፉ አሸ። እሱም ድብደባው ከጀመረ ወዲህ ቤቱ አልሄደም።

«እኔ እኮ የሌለ በሽታ ነው ያከምኩት» አለኝ። «ገብቶሃል?»
«ገብቶኛል።»
«አሁን ሄደን እንነግራታለን።»
«ዶክተር፣ ልለምንህ። እሁድ ጠዋት ድረስ ብቻ። ሰው ላምጣላት። እንደ ደንባችን ትስማ፣ አለቅሳለሁ ብትል ታልቅስ። ከዚያ እየው ፊቷን።»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አየ። «እሁድ» አለ። «ሰኞ መኪናው ይመጣል። ልዩነት ካላየሁ ትሄዳለች። አንተም ከዚህ በኋላ አታስተረጉምም።» ትክክል ነው። አልተከራከርኩም።

እትዬ ቆንጂት ጋ ደወልኩ። ዶራ ሰፈር የምትኖረው። ቤሩት ውስጥ ለሐበሻ መርዶ የምታረዳው እሷ ናት። ሃያ ምናምን ዓመት እዚህ ስትኖር ሥራዋ ሆኖ ቀርቷል፣ አገር ቤት ሰው ሲሞት ቤተሰብ መጀመሪያ ለእሷ ነው የሚደውለው። ስለዚህ ልጆቹ በማለዳ እሷን በር ላይ ካዩ ገና ሳትናገር ይጮሃሉ።

«እትዬ፣ ገብረ መድኅን ነኝ። ስለ መርዶ ነበር» አልኳት።

ከኋላዋ ያለውን ሬዲዮ ስትዘጋ ተሰማኝ። ከዚያ፣
«ማን ነገረህ?»
«ዶክተሩ ነዋ።»
«የምን ዶክተር?»
«እዚህ የምሠራበት። ልጅቷ፣ ሥርጉት የምትባል…» ብዬ ሁሉንም አስረዳኋት።
«አሃ። ስለ ልጅቷ ነው። እሺ። እሺ ወንድሜ፣ እመጣለሁ። አንተ ግን ደህና ነህ? ትበላለህ?»

ሰው ሁሉ ዘንድሮ ስለ ምግቤ ምን አገባው?

ጥቅምት 17፣ እሁድ

ዛሬ ብዙ እጽፋለሁ፣ እንቅልፍም የለኝ።

እትዬ ቆንጂት ሁለት ሴቶች ይዛ በማለዳ መጣች። ከሌሊቱ ድብደባ የተነሣ ቫን ስላልነበረ ከታች ከደክዋኔ ሰፈር ጀምሮ ዳገቱን በእግራቸው ነው የወጡት። ዩሱፍ በር ላይ ነጠላቸውን አይቶ «ሠርግ ነው?» አለኝ። አይደለም አልኩት፣ ኮፍያውን አወለቀ።

ሥርጉት ሻይ እየጠጣች ነበር። ዙሀራ ቀድማ ዳቦ አብልታታለች። ልጅቷ ቀና ስትል ሴቶቹን አየች፣ የነጠላቸውን አለባበስ አየች። ብርጭቆውን በቀስታ መሬት ላይ አስቀመጠች፣ እንዳይሰበር። ከዚያ ተነሳች።

እትዬ ቆንጂት «የኔ ልጅ» ብላ ሳትጨርስ ሥርጉት ጮኸች። እንዲህ ያለ ጩኸት በዚህ ቤት ሰምቼ አላውቅም፣ ጩኸት ደግሞ እዚህ ብርቅ አይደለም። ሴቶቹ ያዟት። አቅፈዋት መሬት ላይ ተቀመጡ። «ቴታዬ፣ መጣሁ ብዬሽ፣ መጣሁ ብዬሽ» እያለች ደረቷን ስትመታ እጇን እየያዙ፣ እየለቀቁ። እትዬ ቆንጂት የማታውቃትን አሮጊት «ቴታዬ» እያለች አለቀሰችላት። ዙሀራም በአረብኛ አለቀሰች፣ የራሷን ሙታን ነው መሰለኝ። ዶክተሩ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ፋይሉ ላይ ምንም አልጻፈም። መኪናውን እንድታስቀር ጸሐፊዋን ሲያዛት ሰማሁት።

ለቅሶው ሲበርድ ሥርጉት ጠራችኝ። «አባባ፣ ሆስፒታል ናት ስትለኝ ያን ቀን አውቄያለሁ» አለችኝ።
«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»
«በጣም እየጣርክ ነበር። ላቡ በግንባርህ ይወርድ ነበር። አሳዘንከኝ። ሩዙንም ለአንተ ብዬ ነው የበላሁት።»

ይሄን ሰምቶ ሰው ምን ይላል? እኔ ለእሷ ብዬ፣ እሷ ለእኔ ብላ፣ መርፌውን ግን እሷ ብቻ ተወጋች።

እትዬ ቆንጂትን እስከ በር ሸኘኋት። እጄን ይዛ አልለቀቀችም። «በሚመጣው እሁድ ጠዋት ቤት ትኖራለህ?» አለችኝ።
«ፈረቃ አለኝ።»
«ቀይረው።»
«ለምን?»
«ቀይረው ወንድሜ። እንመጣለን፣ ሻይ እንጠጣለን።»

የማኅበር ጉዳይ ይሆናል። ገንዘብ ያዥ ሊያደርጉኝ ሳይሆን አይቀርም፣ ቆጠራ እወዳለሁ ብለው።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

ሥርጉት መርፌው ተቀነሰላት። እጇ ጸጥ ብሏል። ምስር ሾርባ ጨረሰች። ማስተርጎም ቢከለከልም ዶክተሩ መቀመጥ ትችላለህ አለኝ፣ ተቀመጥኩ።

እንድትስቅ ብዬ የቤቴን ነገር አወራኋት። ወንደሰን ሳህን ማጠብ መጀመሩን። ቀፀላ በየቀኑ እየደወለች አባዬ በላህ ማለቷን። ጌጡ እንኳን፣ ያ ቋጣሪ፣ ራሱ ደውሎ ሰላም ማለቱን። እትዬ ቆንጂት እሁድ ቤቴ ሻይ ልትጠጣ መሆኑን።

አልሳቀችም። ብዙ አየችኝ።

«አባባ፣ የእናትህን ድምፅ ከሰማህ ስንት ጊዜህ ነው?»

ጠበል ናት አልኳት።

«ድምጿን ነው ያልኩህ።»

የሾርባውን ሳህን አንስቼ ወጣሁ።

ጥቅምት 21፣ ሐሙስ

ሁለት ሰው አጠብኩ። ሐጂውን ላጨሁት። ጉንጩን ትንሽ ቆረጥኩት፣ ይቅርታ አልኩት። «ማዕሌሽ፣ ግድ የለም፣ እጅህ ዛሬ እዚህ የለም» አለኝ።

ጥቅምት 22፣ ዓርብ

ለጌጡ ልደውል ስልኩን አነሳሁ። ቢዋሸኝ አንድ ነገር ነው። ባይዋሸኝስ? አስቀመጥኩት።

ማታ ቀፀላ ደወለች። ምንም አልጠየቅኳትም። ስለ ትምህርቷ አወራን። ድምጿ አሁንም ተዘግቷል። «ጉንፋኑ አልለቀቀሽም?» አልኳት። «ይለቀኛል አባዬ» አለች። ልጅ ናት፣ እንዴት ቻለችው? ብቻዋን ያን ቤት ውስጥ ሆና፣ እያለቀሰች፣ ተነስታ ፊቷን ታጥባ ለእኔ ትደውላለች። «ጎበዝ ልጄ» አልኳት። ለምን እንዳልኳት አልጠየቀችኝም።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

ለነገ፦

ፈረቃ ተቀይሯል። ዙሀራ ወንዶቹን ለዩሱፍና አዲስ ለተቀጠረው ልጅ አስረክባልኛለች። ምክንያቱን አልነገርኳትም፣ እሷም አልጠየቀችኝም። ትከሻዬን ብቻ ነካ አደረገችኝ።
ወንበር ሁለት ነው ያለን። ሦስት ከጎረቤት ተዋስኩ።
ፍራሹን ወደ ግድግዳ አስጠግቻለሁ፣ መሬት መቀመጥ የሚፈልግ ካለ።
ብርጭቆ ታጥቧል። ስኳር አለ። ውሃ ነገ ስለማይመጣ በባልዲ ሞልቻለሁ።
ጢሜን አልላጨሁም።
የእማዬን ፎቶ ከሻንጣ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አድርጌው ነበር። መልሼ አስገባሁት። ሲገቡ ካዩት ማወቄን ያውቁብኛል።

ወንደሰን ከጋራዥ ገብቶ ወንበሮቹን አየ።
«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ወንበር ለምንድን ነው?»
«እንግዳ ቢመጣ ብዬ።»
በረንዳ ወጣ። ሲጋራ አያጨስም፣ ግን ብዙ ቆየ። ሲመለስ ዓይኑን አላየሁትም። እራት አቀረበ፣ ሳህኑን ጨርሼ በላሁ። ነገ ሳይበላ ነው የነገርነው ብለው እንዳይጸጸቱ።

እንግዲህ ጌጡም፣ ቀፀላም፣ ይሄም ልጅ ስንት ቀን ተሸክመውታል። ከነገ በኋላ ያርፋሉ። ቀፀላም ለእኔ ብላ ጉንፋን መፍጠር አያስፈልጋትም፣ አብረን እናለቅሳለን፣ በስልክም ቢሆን።

ልተኛ። ጠዋት ሲያንኳኩ ቶሎ አልከፍትም። ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ሰው በር ለመክፈት የሚፈጅበትን ያህል እቆያለሁ።